ፌሮ መሮ አይሆንም

ክቡር አዘጋጅ፣

ድሬዳዋ ውስጥ ከግንባታ በተረፈ ፌሮ መሮና መጥረቢያ የምትቀጠቅጡ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪናን ክብደት የሚሸከመውን ተጣጣፊ የብረት ንጣፍ ፈልጉ። የፌሮ ካርቦን ብዙውን ጊዜ 0.3 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ግሎ ቢነከርም ስለቱ ቶሎ ይታጠፋል። የመኪና ባሌስትራ ግን 0.6 በመቶ አካባቢ ስላለው በደንብ ይጠነክራል። ማግኔት መሳብ እስኪያቆም አግሉት፤ ሙቀቱን ጥቂት ጨምሩለትና ለብ ባለ ዘይት ንከሩት። ውሃ ውስጥ ከገባ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መሳሪያው ሥራ ላይ ሲሰበር ነው። ከተነከረ በኋላ ስለቱን በሞረድ አጽድታችሁ ከጀርባው በኩል በቀስታ አሙቁት፤ ስለቱ ላይ የሚወጣው ቀለም ለመሮ ቡናማ፣ ለመጥረቢያ ወይን ጠጅ ሲሆን ከእሳት አውጡት። ይህ ከተዘለለ ስለቱ በቀላሉ ይሸረፋል። ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ግን ከነልባጡ ምድጃ አታስገቡ፣ ጭሱ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዛል።

ከድሬዳዋ፣ የብረት ሥራ ባለሙያ