አርተር ዋርተን፣ ለበረኛው ወዳጄ

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? በጣም ተጠፋፋን እኮ። ሰሞኑን ስለ አንድ ሰው ሳነብ ከርሜ ለማን ላውራው ስል መጀመሪያ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። የበረኛን ነገር ከበረኛ በላይ ማን ያውቃል?

ሰውዬው አርተር ዋርተን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1865 አክራ ተወለደ፣ ያኔ ጎልድ ኮስት በምትባለው በዛሬዋ ጋና። አባቱ ከግሬናዳ የመጣ የሜቶዲስት ሚሲዮናዊ ነበር፣ እናቱ ደግሞ የዚያው አገር የፋንቴ ብሔረሰብ ባላባት ዘር። ልጁም እንደ አባቱ ሰባኪ ይሁን ተብሎ ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ ዳርሊንግተን ሲገባ ግን ልቡን ስፖርት ወሰደው። በ1886 ለንደን ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ 100 ያርድ በ10 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። እንዲህ የሚሮጥ ሰው በር ላይ ሲቆም አስበው!

ያኔ አጥቂው በረኛውን ኳስ ባይዝ እንኳ በትከሻ ገጭቶ መጣል ይችል ነበር፣ ዳኛው ምንም አይልም። ዋርተን ቋሚው ጋ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቅና ኳሱ ሊገባ ሲል ተስፈንጥሮ በቡጢ ያርቀዋል። በ1942 አንድ ሽማግሌ ተመልካች ለሼፊልድ ጋዜጣ የጻፈው ደብዳቤ አለ። ሮዘራም ከሼፊልድ ዌንስዴይ ሲጫወቱ ዋርተን ዘሎ አግዳሚውን ያዘ፣ ኳሱን በእግሮቹ መሃል ቀለበው፣ ሮጠው የመጡት ሦስት አጥቂዎች መረቡ ውስጥ ወደቁ። ሰውዬው ከ50 ዓመት በላይ ኳስ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን ደግሜ አላየሁም ይላል።

በ1886/87 ከፕሪስተን ኖርዝ ኢንድ ጋር ነበር፣ ክለቡ ኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ከዚያ ለሩጫው ብሎ ትቷቸው ሄደ፣ እነሱ ደግሞ በ1888/89 ሊጉን አንድም ሳይሸነፉ ከነዋንጫው ጠቅልለው ወሰዱ። በጣም ያስቆጫል። በ1889 ለሮዘራም ታውን ፈርሞ በደሞዝ መጫወት ጀመረ፤ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል የሚባለው እሱ ነው።

በ1894 ሼፊልድ ዩናይትድ ወሰደው። እዚያ የጠበቀው ማን መሰለህ? ዊሊያም ፎልክ፣ ያ ግዙፉ፣ ያኔ ገና የ20 ዓመት ልጅ። ፎልክ ድንቅ በረኛ ነው፣ አልክድም። ግን ዋርተን ወደ 30 ተጠግቶ ተጠባባቂ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ሰንደርላንድ ላይ የተሰጠውን ዕድል የመሰለ ጥቂት ጨዋታ ብቻ ሲያገኝ ሳነብ አንጀቴን በላው። ተጠባባቂ በረኛ መሆን ምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም።

በ1902 ስቶክፖርት ላይ ጓንቱን ሰቀለ። ከዚያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ወረደ፣ በ1930 በድህነት ሞተ። መቃብሩ ላይ እስከ 1997 ድረስ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ አልነበረም፣ 67 ዓመት ሙሉ! ይሄ ነው የሚያናድደኝ። የእንግሊዝ እግር ኳስ የዝና አዳራሽ በ2003 አስገባው፣ በ2014 ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑ የሚሠለጥንበት ሴንት ጆርጅስ ፓርክ ውስጥ ኳስ በጣቱ ጫፍ ሲያወጣ የሚያሳይ ሐውልት ቆመለት። ፎቶውን ልልክልህ ነው፣ አዘላለሉን እየውና ምን እንደምትል ጻፍልኝ። ስልክህ ያው የድሮው ከሆነ ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ።