ብሩ የት ወረደ?

ውድ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን የአንድ ድርጅት (ስሙን ልተወው) ዓመታዊ ሪፖርት አየሁ። ለበጎ አድራጎት ይህን ያህል ሚሊዮን ሰጠሁ ይላል። እሺ፣ ግን የት? ፋብሪካው እዚሁ ሐዋሳ ነው፣ ውሃውንም መንገዱንም አብረን ነው የምንጠቀመው፤ ልገሳው ግን ከከተማችን ክፍለ ከተሞች ቱላ ይድረስ ታቦር፣ ወይስ እዚያው አዲስ አበባ ይቅር፣ የሚነግረን የለም። ያው ፎቶ ላይ ያቺ ትልቅ ቼክ አለች!

ሕንድ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎች ከ3 ዓመት አማካይ ትርፋቸው 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ ያውላሉ፤ ሪፖርታቸው ላይም ፕሮጀክቱ የሚገኝበትን ግዛትና ወረዳ ይጽፋሉ። እኛ ጋ መቶኛው ይቅር፤ ከተማና ክፍለ ከተማውን በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? የተቀባዩን ማለቴ ነው እንጂ የዋናውን መሥሪያ ቤት አድራሻማ እናውቀዋለን። እናንተም የልገሳ ዜና ስትሠሩ ይህችን ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ