ከሥራ ተቀናሹ በምን ይኑር?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እኔ ጎንደር ውስጥ በሆቴል ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ አሁን ደግሞ የሰላሙ ነገር፤ ፋሲል ግንብን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ሌላ ቦታ ተቀጥረህ ሳትደላደል እዚያም ትቀነሳለህ።

አገራችን ውስጥ ለሥራ አጥ የሚከፈል መድን የለም። ያለው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በቅነሳ ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን ይጨመራል። ሁለት ዓመት የሠራ ሰው የ100 ቀን ደመወዝ ያገኛል ማለት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን የሚከፍለው ያው ገንዘብ አጣሁ ብሎ የቀነሰህ አሠሪ ነው! የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰማ ይህም የለውም። በአጭር ኮንትራት የሚሠራው ደግሞ «ውልህ አልቋል» ተብሎ ይሸኛል እንጂ ተቀነሰ እንኳ አይባልም።

ከደመወዛችን 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። በዚሁ መንገድ ትንሽ ተጨምሮ የሥራ አጥ ፈንድ ለምን አይቋቋምም? ደጋግሞ የተቀነሰ ሰው በየድርጅቱ የሠራው ጊዜ ተደምሮ ይያዝለት። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ እኮ እንግዳ እስኪመጣ አይጠብቅም። የሚመለከታቸው መልስ ቢሰጡን ደስ ይለናል።

ከጎንደር፣ ማራኪ