ኢሜይል ከቢሮ ውጭ እምቢ ሲል፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የምትደውሉልን ስለ አንድ ጉዳይ ነው፦ «ቢሮ ውስጥ ኢሜይሌ ይሠራል፣ ከግቢ ስወጣ ግን እምቢ ይላል።» አንዳንዶቻችሁ ቶሎ ብላችሁ ፓስወርድ ትቀይራላችሁ። ሌሎቻችሁ ፋየርዎሉን፣ ማለትም ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚገባውን የሚቆጣጠረውን መከላከያ፣ «ለጊዜው አጥፉልን» ትሉናላችሁ። እባካችሁ ሁለቱም ይቆዩ።

መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፉና በስልካችሁ ዳታ ሞክሩ። በዳታ ከሠራ፣ ችግሩ ያለው ያረፋችሁበት ሆቴል ወይም ካፌ ኔትወርክ ላይ ነው። በሁለቱም ካልሠራ ሴቲንጉን እንይ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመው እንዲህ ነው፦ መልእክት ይገባል፣ የምትልኩት ግን አውትቦክስ ውስጥ ተቆልሎ ይቀራል። ሰው ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ እየሠራ ለምን አይልክም? ነገሩ፣ መቀበልና መላክ በአንድ በር አይሄዱም። በሮቹ ፖርት ይባላሉ፣ እያንዳንዳቸውም ቁጥር አላቸው። የሚገባው ብዙ ጊዜ በፖርት 993 ነው። የሚወጣው ደግሞ፣ ሴቲንጋችሁ የቆየ ከሆነ፣ በ25 ይሆናል። 25 ሰርቨር (ኢሜይል የሚያስተላልፈው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ከሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት ፖርት ነው። ቫይረስ የገባባቸው ኮምፒውተሮች ስፓም የሚረጩት በዚሁ ስለሆነ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎችና ሆቴሎች ይዘጉታል፤ ደግሞም ልክ ናቸው። እንደ እናንተ ላለ ተጠቃሚ መላኪያ እንዲሆን ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመደበው 587 ነው። ስለዚህ በአውትሉክ የአካውንት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የመላኪያውን ፖርት 587 አድርጉት፣ ምስጠራውን (መልእክቱ በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚያደርገውን) ስታርት ቲኤልኤስ (STARTTLS) የሚለው ላይ አድርጉት፣ የመላኪያው ሰርቨርም ስምና ፓስወርድ እንዲጠይቅ ምልክት አድርጉ። ይህቺ የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች።

የሰርቨሩንም አድራሻ እዩት። በ192.168 የሚጀምር ቁጥር ከተጻፈ፣ ያ የቢሮው የውስጥ አድራሻ ነው፤ ከውጭ ማንም አያገኘውም። በቁጥሩ ፈንታ የሰጠናችሁን ስም አስገቡ። ስሙ ቢሮም ውጭም እንዲሠራ አድርገን ነው ያዘጋጀነው።

የሰርተፊኬት (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል መታወቂያ) ማስጠንቀቂያ ከመጣ «ቀጥል» አትበሉ። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት አስተካክሉ፤ ቀኑ የተዛባ ላፕቶፕ ትክክለኛውን ሰርተፊኬት ጊዜው ያለፈ ያስመስለዋል። የሆቴል ዋይፋይ ደግሞ በብራውዘር የራሱን መግቢያ ገጽ ካላለፋችሁ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱም ደህና ሆነው ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ፣ መሃል ላይ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላልና ፓስወርዳችሁን አታስገቡ።

ፓስወርድ አትቀይሩ ያልናችሁም በምክንያት ነው። ላፕቶፑ ላይ ትቀይሩታላችሁ፣ ኪሳችሁ ያለው ስልክ ግን በአሮጌው መሞከሩን ይቀጥላል። ሰርቨሩ ያን ሲያይ ፓስወርድ የሚገምት ሌባ ይመስለውና አካውንቱን ይቆልፋል። አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ፋየርዎል ማጥፋትን በተመለከተ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አናደርገውም። ክፍት ፖርት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ቀን ከሌት ኢንተርኔቱን ያስሳሉ፤ እናንተ ኢሜይል እስክትልኩ አይጠብቁም። የደንበኞቻችሁ ደብዳቤና ደረሰኝ ያለው ፋየርዎሉ በሚጠብቀው ኔትወርክ ውስጥ ነው። ዘወትር የምትጓዙ ከሆነ ቪፒኤን (ከውጭ ሆናችሁ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) እንጫንላችሁ፤ እሱ ከበራ ኢሜይሉ ቢሮ እንዳላችሁ ሆኖ ይሠራል።

ስትደውሉልን የስህተት መልእክቱን በስክሪንሾት ያዙልን፣ ሰዓቱንና የተጠቀማችሁበትን ኔትወርክም ንገሩን። ሰዓቱን ካወቅን የፋየርዎሉን መዝገብ ከፍተን ሙከራችሁ እኛ ጋ መድረሱን ወዲያው እናያለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል