ስለ ቀብር ለጠየቅሽኝ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የሥራ ባልደረባሽ እናቷ ሞተውባት አስከሬናቸው መቃጠሉን ነግረሽኛል። "አሜሪካ ቀብር ውድ ነው፣ ማቃጠሉ ይረክሳል፤ እኛ አይሁዶች ለምን አጥብቀን እንጠላዋለን?" ያልሽው ከልቤ አልወጣም። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ፣ በልጅቷ እንዳትፈርጂባት። ልቅሶ ድረሻት፣ አጽናኛት። ሐዘኗ ሐዘን ነው።

ኦሪት "አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ" ይላል። አብርሃም ሣራ ስትሞትበት ኬብሮን ላይ የመክፈላን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር ገዛ። ባለቤቱ በነፃ ውሰድ ቢለውም እሺ አላለም፤ የማያከራክር መቃብር ነበር የፈለገው። ዘዳግም 21 ደግሞ በሞት ተቀጥቶ የተሰቀለ ወንጀለኛ እንኳ ሳያድር በዚያው ቀን ይቀበር ይላል። ለወንጀለኛ ይህን ያህል ከታዘዘ፣ ለወለደች እናት ምን ያህል ይገባት ይሆን? ገላችን የራሳችን አይደለም፣ አደራ ነው። እንደፈለግን የምናደርገው አይደለም።

ጎረቤታችን ያረፈች ጊዜ ሬሳ አጥቦ ከሚገንዘው ማኅበር፣ ከሔቭራ ካዲሻ ሴቶች ጋር ገብቼ አይቻለሁ። ሴትን የሚያጥቡ ሴቶች ብቻ ናቸው። መላ ሰውነቷን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ የሚታጠበውን ቦታ ብቻ ገለጥ ያደርጋሉ፤ አጥበው መልሰው ይሸፍናሉ። ጥፍሯን አንድ በአንድ አጸዱ። በላይዋ አሻግሮ ዕቃ የሚያቀባብል የለም፤ ወሬም የለም። ከዚያ ውኃውን ሳያቋርጡ አፈሰሱባት። ሲጨርሱ በስሟ ጠርተው ይቅርታ ጠየቋት፤ ምናልባት ክብርሽን ሳናውቅ ነክተን ከሆነ ብለው። እኔ እዚያው እንባዬ መጣ። ሙት ውለታ አይመልስም፤ ለዚህ ነው ከደግነት ሁሉ ይህን የሚያስበልጡት።

አገር ቤት ጎንደር ሳለንም እኮ ሬሳ የነካ ሰው በኦሪቱ ሕግ ሰባት ቀን ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። ያን ሁሉ ችግር እያወቁ ለመቅበር የሚሽቀዳደሙ ሰዎች መሀል ነው ያደግነው።

የገንዘቡ ነገር ዛሬ የመጣ እንዳይመስልሽ። የጥንት ራቢዎች ትምህርት የተሰበሰበበት ታልሙድ እንደሚለው፣ ድሮ የቀብር ወጪ ከሞቱ ይልቅ ይከብድ ስለነበር ዘመድ ሬሳውን ጥሎ እስከመሸሽ ደርሶ ነበር። ታላቁ መምህር ራባን ገማልኤል ግን እኔን በተራ በፍታ ቅበሩኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ሀብታሙም ድሃውም በነጭ በፍታ ይገነዛል፤ ግንዙ ኪስ እንኳ የለውም። ስለዚህ ሲወደድ ማቅለል እንጂ ማቃጠል መፍትሔ አይደለም። ያጌጠ ሣጥን ማንም አላዘዘንም። እዚህ እስራኤል አብዛኛው ሰው ያለ ሣጥን ነው የሚቀበረው። እናንተ ጋ ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ከ1888 ጀምሮ አቅም የሌላቸውን አይሁዶች በነፃ የሚቀብር ማኅበር አለ። ለባልደረባሽ ሳይሆን፣ ነገ ለሚቸገር ለሌላ ሰው ንገሪ።

ሕጉን ላላ አድርገው ከሚይዙት ከሪፎርም አይሁዶች መሀል ማቃጠልን የሚፈቅዱ ራቢዎች አሉ፤ አልክድሽም። የተቃጠለ ሰው ትንሣኤ የለውም ማለትም አይደለም። በናዚ ምድጃ ያለቁት ወገኖቻችን መቃብር የላቸውም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቃቸዋል። ከዚያ ሁሉ እሳት በኋላ ግን ወደን በእጃችን ማቃጠል ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነው። እስራኤል በ1962 የአይሁድን ጭፍጨፋ ካቀነባበሩት ናዚዎች አንዱን አይክማንን ከሰቀለችው በኋላ አቃጥላ አመዱን ከግዛቷ ውጪ ባሕር ላይ በተነችው፤ መቃብር እንዳይኖረው። እኛ ዘንድ መቃብር ማጣት እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ወደ እስራኤል ለመድረስ በእግር የሄድንበትን የሱዳንን መንገድ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የሱዳን የስደተኛ ካምፖች ወደ 4000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል። በጥድፊያ ቀበርናቸው፤ ዛሬ ሄደን ድንጋይ የምናኖርበት፣ ለሙት የሚባለውን ጸሎት፣ ካዲሽን የምንልበት ቦታ የለንም። ኢየሩሳሌም ኸርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እንሰበሰባለን። መታሰቢያው ጥሩ ነው፤ መቃብር ግን አይሆንም።

የእኔ ቀን ሲደርስ ነጭ በፍታና አፈር ይበቃኛል። አበባና ትልቅ ሐውልት አትግዙ። ቶሎ ቅበሩኝ፤ ካልደረስሽ እንዳይጠብቁሽ፣ ለሺቫው፣ ለሰባቱ ቀን ሐዘን ትደርሻለሽ። ወንድምሽ ካዲሽ ይበል፤ ለእሱም ነግሬዋለሁ። አንቺም ለባልሽ የራስሽን ንገሪው፤ ዛሬ ጤና ሳለሽ።

እናትሽ