የፈረሰ አገር ዋንጫ የማን ነው?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ከቤተሰብህ ጋር እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከተጻጻፍን ረጅም ጊዜ ቢሆነንም፣ እዚህ ለገጣፎ የሠፈራችን ወጣቶች ያነሡት ጥያቄ ካንተ ጋር ሳልመክርበት የሚያልፍ አልሆነልኝም። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው አምበላችን ሉቻኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነውና፣ ኤርትራ ከዚያ ድል ድርሻ የላትም ወይ ይላሉ።

አገር ሲፈርስ ፊፋ አብዛኛውን ጊዜ የአባልነት ወንበሩን የወረሰውን አገር የታሪኩም ወራሽ ያደርገዋል። ሶቪየት ኅብረት በ1960 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ዩጎዝላቪያን 2 ለ 1 አሸንፋ የወሰደችው የአውሮፓ ዋንጫ ለሩሲያ፣ የተሸናፊዋም ታሪክ ለሰርቢያ ተቆጥሯል። ነገር ግን በዚያ ጨዋታ ሶቪየቶችን አቻ ያደረገው ሜትሬቬሊ ጆርጂያዊ ነበር፤ ለሶቪየት ብሔራዊ ቡድን 42 ግብ አግብቶ ክብረ ወሰኑን የያዘው ኦሌግ ብሎኪንም የኪየቭ ልጅ ነው። እነዚህን ሰዎች ያፈሩ አገሮች በመዝገቡ ላይ ከባዶ እንዲጀምሩ መደረጉ ፍትሕ አይመስለኝም።

በበረዶ ሆኪ የደረሰው ይብሳል። ቼኮዝሎቫኪያ ስትከፈል ቼክ በላይኛው ምድብ ስትቀር፣ ስሎቫኪያ በ1994 እ.ኤ.አ. ከሦስተኛው ምድብ እንድትጀምር ተገደደች፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ግን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ምሥራቅ ጀርመን በበኩሏ በ1974 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ላይ ምዕራብ ጀርመንን 1 ለ 0 ብታሸንፍም፣ ሁለቱ ሲዋሐዱ ውጤቷ ወደ ጀርመን መዝገብ አልገባም።

የእኛ ጉዳይ ከእነዚህ ይለያል፤ ኤርትራ በ1993 እ.ኤ.አ. ነጻነቷን ስታውጅ ኢትዮጵያ ስላልፈረሰች መዝገቡ ከእኛው ጋር ቀርቷል፤ የሱዳን የ1970 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫም ደቡብ ሱዳን ከተለየች በኋላ የሱዳን እንደ ሆነ ነው። በፍጻሜው 4 ለ 2 ያሸነፍናት ግብፅ እንኳ አብራት አንድ አገር የነበረችው ሶርያ ከተለየቻት በኋላ ገና «የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ» ትባል ነበር፤ በዚያው ስም በ1959 እ.ኤ.አ. ያገኘችውም ዋንጫ ዛሬ የግብፅ ብቻ ነው።

እኔ የምደግፈው የኦሊምፒክ ኮሚቴውን አሠራር ነው፤ እዚያ የሶቪየት ሜዳሊያ በሶቪየት ስም ይኖራል እንጂ ወደ ሩሲያ አይዛወርም። ወንበሩ፣ ዕዳውና የውድድር ቦታው ለወራሹ ይተላለፍ፤ ዋንጫው ግን ባሸነፈው አገር ስም ይቆይ፤ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ጎንም የትውልድ ከተማው ይጻፍ። ለወጣቶቹ ይህንኑ መልስ ከመስጠቴ በፊት ያንተን ሐሳብ እጠብቃለሁ።

አክባሪ ወንድምህ