ልጄ፣ «ይባረር» ከማለትህ በፊት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እናትህ ሰላም በልልኝ ብላለች።

እሁድ ማታ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ የጻፍከውን አየሁት። «ይባረር!» ብለህ ከሥሩ የንዴት ምስል ደርድረሃል። የአሰልጣኛችንን ስም እኔ አላነሳም፤ ማንቼ (ማንችስተር ዩናይትድ) እንደሆነ ይሄ ደብዳቤ እስኪደርስህ ሌላ ሊቀጥር ይችላል።

የድሮውን አሰልጣኛችንን ፈርጉሰንን ሊያነሳብኝ ነው ብለህ ጠርጥረሃል አይደል? አዎ፣ ላነሳው ነው። (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።) ሰውየው በ1986 መጨረሻ መጣ፣ በ1989 የከተማችን ተቀናቃኝ ማንችስተር ሲቲ 5 ለ 1 ቀጠቀጠው፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንድ ደጋፊ ኦልድትራፎርድ ውስጥ የአልጋ አንሶላ ዘርግቶ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበብ፣ በቃ ቻው ፈርጊ» የሚል ዓይነት ነገር ጻፈበት። ሊጉን 13ኛ ሆነን ጨረስን። ኤፍኤ ካፑን (የእንግሊዝን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ግን በላን፣ የመጀመሪያው ዋንጫው እሱ ነው። ሊጉ የመጣው በ1993 ነው።

ይሄን ሁሉም ያወራዋል፣ ከዚያ «እንታገስ» ይላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ቦርዱ ምን እያየ እንደታገሠ ነው። ሰውየው እየተሸነፈም ይሠራ ነበር። ታዳጊ የሚመለምሉትን ሰዎች አበዛ፣ መጠጥ የለመዱትን ኮከቦች ሸኘ። በኋላ ኮከባችን የሆነው ጊግስ ሲቲ ጋር ነበር የሚለማመደው፤ 14 ዓመት ሲሞላው ፈርጉሰን ራሱ ቤቱ ድረስ ሄደ። አስበው እስቲ፣ የማንቼ ዋና አሰልጣኝ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ብሎ በር ሲያንኳኳ! እንዲህ ያለውን ሰው 13ኛም ቢወጣ ትይዘዋለህ።

በቅርቡ ያሰለጠነንን ቴን ሃግን ደግሞ ተመልከት። በ2024 ኤፍኤ ካፕ አመጣ፣ ከዚያ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ሲያፈላልጉ ሰነበቱ፣ አጡና ሐምሌ ላይ ውሉን አራዘሙለት፣ እሱ የሚያውቃቸውን ተጫዋቾች ገዙለት፣ ከዚያ ጥቅምት ላይ አባረሩት። ይሄ ትዕግሥት ነው እንዴ? ግራ የገባው ሰው ሥራ ነው። ካሳውም ሳይቀር ተከፈለ።

አርሴናልን ማመስገን ጥርሴን ያፋጨኛል፣ ግን እውነቱ ይነገር። በ2021 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸንፈው፣ አንድ ጎል ሳያገቡ ግርጌ ተቀመጡ። አሰልጣኛቸውን አርቴታን ግን አልነኩትም። ሳካን የመሰሉ ልጆች ሲያድጉ እያዩ ነበርና። ከ2023 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ 2ኛ ሆኑ። አንተ «ዘላለም ሁለተኛ» እያልክ ትስቃለህ፣ እኛ በ2025 ስንተኛ ነበርን? 15ኛ!

የአጎትህ ልጅ የቼልሲ ደጋፊ ስለሆነ አሰልጣኛቸው የነበረውን ቱሄልን እንደሚያነሳብህ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ጥር 2021 ላይ ላምፓርድን አባረሩ፣ ቱሄል መጣ፣ በአራት ወር ገደማ ሻምፒየንስ ሊጉን በላ። ማባረርም አንዳንዴ ይሠራል፣ አልክድም። ግን እሱኑ ቱሄልን በ2022 አባረሩት። ፖተር መጣ፣ እሱም ተባረረ። ከዚያ ማንን መለሱ መሰለህ? ላምፓርድን! 12ኛ ሆነው ጨረሱ። ይሄን ንገረውና ምን እንዳለ ጻፍልኝ።

አባትህ